መውጫ የሌለው እድር፦ ከድሬዳዋ ሆኖ የፍሎሪዳ ታይምሼርን የመመለስ ጉዳይ

መነሻ

ከዚራ ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት ጎን ጠባብ ቢሮ አለኝ። ትርጉም እሠራለሁ፣ ቅጽ እሞላለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። የሚበዛው ሥራዬ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጋብቻ ማስረጃና የዲቪ ፎርም ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም ግን አይቼው የማላውቀው ጉዳይ መጣ። አንዲት ሴት ሰማያዊ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «አቦ፣ ይህን ነገር ከላዬ ላይ አውርድልኝ» አለች።

ለማውረድ ስድስት ወር ፈጀብን። የሠራውንም ያልሠራውንም ለመጻፍ ፈቅዳልኛለች። ስሟ እንዳይነሳ ጠይቃለች፤ የድርጅቶቹንም ስም ትቼዋለሁ።

ባለጉዳይዋ

ዕድሜዋ 58 ነው። የድሬ ልጅ ናት። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ወጣት ሆና አሜሪካ ገባች፤ ሜሪላንድ ውስጥ መጀመሪያ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ፣ በኋላ ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ስትሠራ ከሃያ ዓመት በላይ ኖረች። ባሏ ታክሲ ይነዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሞተ። በዓመቱ የታመሙ እናቷን ልታስታምም ተመለሰች። ዜግነቷ አሜሪካዊ ነው፤ እዚህ የምትኖረው በቢጫ ካርድ ነው።

አሁን ሳቢያን፣ እናቷ ግቢ ውስጥ ትኖራለች። ሦስት ሰርቪስ ክፍል ታከራያለች። ገቢዋ ይኸው ነው። በብር።

ዕድሜዋ ከእኔ ቢበልጥም በድሬ ደንብ «አንቺ» ነው የምላት። «እርስዎ» ብላት «ምን አጠፋሁ?» ትለኛለች።

ታይምሼር ምን ዓይነት ውል ነው

አንድ የመዝናኛ አፓርታማ አለ እንበል። ዓመቱ 52 ሳምንት አለው። ያን አንድ ክፍል በሳምንት በሳምንት ቆራርጦ ለሃምሳ ያህል ሰው መሸጥ፣ ታይምሼር ማለት ይህ ነው። ገዢው በዓመት አንድ ሳምንት ያርፍበታል። አሁን አሁን በነጥብ የሚሸጥም አለ። የእሷ ግን የድሮው ዓይነት ነው፤ ስመ ንብረቱ እንደ ማንኛውም ቤት በካውንቲው (እንደ እኛ አውራጃ በሉት) መዝገብ ይመዘገባል። ማብቂያ ቀን የለውም።

ከግዢው ሌላ ዓመታዊ ክፍያ አለ። ለጣራው፣ ለመዋኛ ገንዳው፣ ለኢንሹራንሱ፣ ለግብሩ፣ ለሠራተኛው። ሄድክም ቀረህም ትከፍላለህ። ክፍያው ከዓመት ዓመት ይጨምራል።

«እድር በለው» አለችኝ ስታስረዳኝ። ልክ ናት፤ ግን አንድ ልዩነት አለው። እድር ላይ መዋጮ ያቋረጠ ሰው ቢበዛ ይሰረዛል። እዚህ መሰረዝ የለም። ያቋረጠ ሰው አባልነቱ እንዳለ ሆኖ ዕዳው ይቆጠርበታል።

ይህ የእድር ነገር በኋላ ብዙ አስረድቶኛል። ሰውየው ከሞተ፣ እሷ አገር ቤት ከገባች በኋላ ለአምስት ዓመት ለምን ዝም ብላ ትከፍል ነበር? ስጠይቃት ፊቷን ኮስተር አድርጋ «እኔ እድር አስቀርቼ አላውቅም» አለችኝ። መውጣት እንደሚቻል መጠየቅ ራሱ ነውር መስሏት ነበር።

እንዴት ገዙት

እ.ኤ.አ. በ2011 ሐምሌ ወር ላይ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ኦርላንዶ ለመዝናናት ሄዱ። ያረፉበት ሆቴል በር ላይ አንዲት ወጣት የዲዝኒ ፓርክ ትኬት በቅናሽ ትሰጥ ነበር። ትኬቱን ለማግኘት የ90 ደቂቃ ገለጻ መስማት ብቻ ነው። ገለጻው አራት ሰዓት ወሰደ። ልጆቹ ራባቸው። ሻጭ ሄዶ ሌላ ሻጭ መጣ። ሦስተኛው ዋጋውን ከ22,000 ወደ 14,500 ዶላር አወረደና «ይህ ለዛሬ ብቻ ነው» አለ። ፈረሙ። 1,450 ዶላር ቀብድ በካርድ ከፈሉ፤ ቀሪው የአሥር ዓመት ብድር ሆነ፣ በ15.9 በመቶ ወለድ።

ሰማያዊው ፋይል ያን ቀን የተሰጣቸው ነው። ቆዳ የሚመስል፣ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት። አብረን ገጽ በገጽ አየነው። የፈረሙበት ገጽ ላይ፣ ከፊርማቸው ከፍ ብሎ፣ በደማቁ የተጻፈ አንቀጽ አለ። ይህን ውል በ10 ቀን ውስጥ ያለ ምንም ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ ይላል። የፍሎሪዳ ሕግ እንዲጻፍ የሚያስገድደው ነው። በነዚያ አሥር ቀናት አንድ ደብዳቤ ቢልኩ ቀብዳቸው ይመለስ ነበር።

ተረጎምኩላት። ጣቷን መስመሩ ላይ አስኬደች። «ይህን ያኔ ያነበበልን ሰው የለም» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳቀች። «እኛስ መች አነበብነው። የባሌ ሐሳብ ትኬቱ ላይ ነበር።»

በ13 ዓመት ውስጥ የተጠቀሙበት አራት ጊዜ ነው። ብድሩን እ.ኤ.አ. በ2018 ከባሏ የሕይወት ኢንሹራንስ ላይ ከፍላ ዘጋችው። ያኔ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሏት ነበር። ያለቀው ብድሩ ብቻ ነው።

ችግሩ

ዓመታዊ ክፍያው ሲጀመር 610 ዶላር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 1,090 ደረሰ፣ በ2024 1,160። እስከ 2022 ድረስ አሜሪካ ባንክ ውስጥ ከተረፈችው ገንዘብ ትከፍል ነበር። ያቺ ገንዘብ አለቀች። እዚህ ባንክ ሄዳ ጠየቀች፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍያ ዶላር አላገኘችም። የ2023ቱ ሳይከፈል ቀረ። የ2024ቱም ተከተለ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም መጣ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። በድሮው ምንዛሪ 66 ሺህ ብር የነበረው የዓመት ክፍያ ከ127 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ከሦስቱ ክፍል የምታገኘው የዓመት ኪራይ አይሸፍነውም።

የመዘግየት ቅጣት 310 ዶላር ተጨመረ። የዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ኢሜይል መጣ። እሷም ኢሜይል መክፈት ተወች። ስልኳን ስትሰጠኝ ያልተከፈቱ 214 መልእክቶች ነበሩበት።

ሦስት ፍርሃት ነበራት። አንደኛው፣ አሜሪካ ስመለስ ኤርፖርት ላይ ይይዙኛል የሚል ነው። ይህ ውሸት ነው፤ ያልተከፈለ መዋጮ የፍትሐ ብሔር ዕዳ ነው፣ ሰው አያሳስርም። ሁለተኛው፣ የእናቴን ቤት ይወስዱብኛል የሚል ነው። ቤቱ የእናቷ ነው፣ የእሷ አይደለም። ደግሞም የውጭ አገር ፍርድ እዚህ ዝም ብሎ አይፈጸምም። የእኛ ፍርድ ቤት መፍቀድ አለበት፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 458 ደግሞ ያኛው አገር የእኛን ፍርድ የሚያስፈጽም መሆኑን ይጠይቃል። ሦስተኛው፣ ስሞት ለልጆቼ ይተርፋል የሚል ነው። ይኼኛው ግማሽ እውነት አለው። ወራሽ አልቀበልም ማለት ይችላል፤ ግን ማለት አለበት፣ በጽሑፍ፣ በጊዜው። ልጆቿ ደግሞ ስለ ጉዳዩ ምንም አያውቁም ነበር።

እኔ ጋ ከመምጣቷ በፊት የተሞከረው

በሰኔ 2016 አንድ ሰው ደወለላት። ስሟን፣ የሪዞርቱን ስም፣ የተጠራቀመውን ዕዳ ያውቃል። «ከታይምሼር እናወጣሻለን፣ ዋስትና እንሰጣለን» አለ። ዋጋው 2,900 ዶላር፣ አስቀድሞ የሚከፈል። ሁለት ትእዛዝ አከለበት፦ ለሪዞርቱ አትክፈይ፣ ከሪዞርቱ ጋር አትነጋገሪ።

ቨርጂኒያ ያለች የእህቷ ልጅ 1,500 ዶላር በዜል፣ ማለትም ከባንክ ባንክ በስልክ በሚላክበት የአሜሪካ አገልግሎት፣ ላከችላቸው። በመስከረም ደግሞ 1,400 በክሬዲት ካርድ ከፈለች። በመሐል የመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ፋይልዎ በሂደት ላይ ነው» የሚል ኢሜይል። ሦስት ጊዜ፣ ቃል በቃል አንድ ዓይነት።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ከዊስኮንሲን ግዛት ጋር ሆኖ ሚዙሪ ያሉ እንዲህ ዓይነት «አውጪዎችን» ከሷል። ክሱ ላይ ከሰዎች፣ በተለይ ከሸመገሉት፣ ወሰዱት የተባለው ከ90 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ሽያጭ ነበር። በ1 ዶላር ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። አንድም ጠያቂ አልመጣም። ሰው በነፃ እንኳ የማይወስደው በዓመታዊ ክፍያው ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሐሳቧ ለዳላሱ የወንድሟ ልጅ በስጦታ ማዞር ነበር። ልጁ 24 ዓመቱ ነው፤ «ሪዞርት» ሲባል ደስ ብሎት ነበር። ይህን እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ዕዳ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ለልጅ መስጠት ነው፤ እሷም ስትሰማው ደነገጠች።

ዝም ብላ ብትተወውስ?

ይህን ጥያቄ በቁም ነገር አየነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ከአንድ ጊዜ በኋላ ሪዞርቱ በፎርክሎዠር፣ ማለትም ስለ ዕዳው ንብረቱን በሕግ በመውረስ፣ ሳምንቱን ይወስዳል፣ ጉዳዩም እዚያ ያበቃል። ክሬዲት ላይ፣ ማለትም የሰው የዕዳ አከፋፈል ታሪክ በሚያዝበት መዝገብ ላይ፣ ግን ሰባት ዓመት ይቆያል።

እሷ 62 ሲሞላት ተመልሳ ሜሪላንድ አፓርታማ ልትከራይ ታስባለች። እዚያ አከራይ ክሬዲት ያያል። ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። መቼ እንደሚወስዱት የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ዛሬም ከአምስት ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል። እስከዚያ ስሟ መዝገቡ ላይ ነው። አሜሪካ ለማትመለስ፣ ክሬዲት ለማትፈልግ ሴት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ ምክር እሰጥ ነበር።

የሄድንበት መንገድ

የመጀመሪያው ሥራ ወረቀት አልነበረም። ለልጇ መንገር ነበር። ሁለት ቀን አመነታች። በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ ውስጥ በዋትሳፕ ደወለችለት። ልጁ ጉዳዩን ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ሥራው ግማሽ ቀለለ።

ቀጥሎ የካርድ ክፍያው። 1,400ው በካርድ የተከፈለ ስለሆነ የእህቷ ልጅ ለባንኳ የተቃውሞ ደብዳቤ ላከች። ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ የካርዱ ሒሳብ መግለጫ ከተላከ 60 ቀን ነው፤ ደረሰች። ከሁለት ወር በኋላ ገንዘቡ ተመለሰ። የዜሉ 1,500 ግን ወጥቶ ቀረ።

ከዚያ ራሱን ሪዞርቱን ማናገር። ያ «አውጪ» አትነጋገሪ ያለው ነገር ማለት ነው። ልጇ ከሜሪላንድ ይደውላል፣ እኛ በዋትሳፕ ስፒከር እንሰማለን። ኦርላንዶ ቢሮ የሚከፈተው ለእኛ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ድሬ በርጫ ላይ በተቀመጠችበት ሰዓት። ኅዳር ሊጠባ ሲል አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለቀየሩ አንድ ቀን ባዶ ስልክ ስንጠብቅ ዋልን።

የመጀመሪያዋ ሠራተኛ «እንዲህ ያለ ፕሮግራም የለንም» አለች። ይባስ ብላ ሳምንቱን ወደ ነጥብ እንድትቀይር ጋበዘቻት፤ ተጨማሪ 9,000 ዶላር። ስልኩ ሲዘጋ ሦስታችንም ዝም አልን።

በሁለተኛው ጥሪ አነጋገራችንን ቀየርን። «ልሸጠው እፈልጋለሁ» ወይም «ከበደኝ» አላልንም። «ስመ ንብረቱን በፈቃዴ ለእናንተ ልመልስ፤ ይህን የሚያየው ክፍል ያገናኙኝ» አለች። እነሱ ዲድ ባክ ይሉታል። ቃሉ ሲጠራ ሠራተኛው ጥቂት ጠብቁ ብሎ አገናኘን። ለካ ክፍሉ አለ።

ደብዳቤ ጠየቁ። እኔ መጀመሪያ የጻፍኩት ሁለት ገጽ ነበር፤ የባሏ ሞት፣ የእናቷ ሕመም፣ የብሩ መውደቅ፣ ሁሉም አለበት። እሷ አንብባ «ይህ ለቅሶ ነው» አለችኝ። እውነት ነበር። ቆርጠን ቆርጠን ይህ ቀረ፦

«ባለቤቴ አርፏል፤ የሞት ማስረጃ ተያይዟል። ገቢዬ በኢትዮጵያ ብር ነው። ብድሩ በ2018 ተከፍሎ አልቋል። ሳምንቱን መጠቀም አልችልም። ባለቤትነቱን በፈቃዴ መመለስ እፈልጋለሁ። የሚያስፈልገውን ሰነድና ያለብኝን ሒሳብ በጽሑፍ አሳውቁኝ።»

በ11 ቀን መልስ መጣ። እንቀበላለን፣ ግን ውዝፉ ይከፈል። የ2023ና የ2024 ክፍያ 2,250፣ ቅጣት 310፣ የስመ ንብረት ማዛወሪያ 300። ሰነዱ ተፈርሞ እስከ ታኅሣሥ 31 በእነሱ አቆጣጠር ካልደረሰን የ2025 ክፍያም ይታሰባል።

ልጇ ቅጣቱ እንዲነሳ ጠየቀ። በጨዋ ቋንቋ፣ አንድ ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ በኢሜይል። ተነሳ። 2,250ውን በሁለት ጊዜ ከፈለ። የሞት ማስረጃውንም ከሜሪላንድ ያወጣው እሱ ነው። ስመ ንብረቱ በሁለቱም ስም ስለነበር ያለዚያ ወረቀት አንድ እርምጃ አይሄድም ነበር።

እኔ የተሳሳትኩት

እዚህ ላይ ሦስት ሳምንት በእኔ ጥፋት ሄደ።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ከአዲስ አበባ ሌላ ድሬዳዋ ላይ ቅርንጫፍ አለው። ስለዚህ «ለልጅሽ ውክልና ስጪው፣ እሱ እዚያ ይፈርማል» አልኳት። የለመድኩት መንገድ ነው። ውክልናው በአንድ ጠዋት አለቀ። ተረጎምኩት፣ ማኅተም መታሁበት፣ ስካን አድርገን ላክን።

አልተቀበሉትም። የፍሎሪዳ መሬት ላይ የሚሠራ ውክልናም ሆነ የስመ ንብረት ሰነድ ሁለት ምስክር የፈረሙበትና እነሱ በሚቀበሉት ኖታሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት የተፈረመ መሆን አለበት። የእኛ መሥሪያ ቤት ጥፋት የለበትም፤ የእኛን ሕግ ተከትሎ ነው የሠራው። መጀመሪያ «በምን መልክ ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጠየቅ የነበረበት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በኢንተርኔት የሚሠራ ኖታሪ ሞከርን። ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ትፈቅዳለች። ኖታሪው በቪዲዮ ያይሻል፣ ፓስፖርት ታሳያለሽ፣ ከክሬዲት ታሪክሽ የተወሰዱ ጥያቄዎች ትመልሻለሽ። ከእነዚህ አድራሻዎች በየትኛው ኖረሻል? የመኪና ብድርሽ ስንት ነበር? አሜሪካን ከለቀቀች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሁለቱን ሳተች፣ ሲስተሙ ዘጋባት። በዚያ ላይ ቢሮዬ ውስጥ ያ ቀን መብራት ሄዶ ቬንትሌተር ቆሟል፤ ላባችን ጠብ ጠብ ይላል። ታኅሣሥ ላይ እንኳ ድሬ ድሬ ናት።

ኤምባሲ

የቀረን የአሜሪካ ኤምባሲ ነበር። አዲስ አበባ፣ ወደ ሽሮ ሜዳ መንገድ። የኖታሪ አገልግሎቱ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ቀጠሮ ያዝን። ምስክር ኤምባሲው አያቀርብም፤ ራስህ ይዘህ ትሄዳለህ። አንዱ እኔ ሆንኩ፣ ሁለተኛው አዲስ አበባ የሚኖር የአጎቷ ልጅ።

ከድሬ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈርን። ሰነዱን ፕላስቲክ ውስጥ ይዣለሁ። ፊርማው ቦታ ላይ በእርሳስ «እዚህ አትፈርሚ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አስቀድሞ የተፈረመ ሰነድ ቆንስሉ አያረጋግጥም። ጥሩ አደረግሁ። አዳማ ላይ ቁርስ ስንበላ እስክሪብቶ አውጥታ «ይቅለለን፣ አሁን ልፈርም» ብላ ነበር።

ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም፤ በር ላይ ላለች ሱቅ አደራ ሰጠን። ውስጥ ያለው ሥራ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ቆንስሉ በመስኮቱ በኩል «የምትፈርሚው በፈቃድሽ ነው?» ሲላት «በጣም!» አለች በአማርኛ። ከዚያ ደንግጣ በእንግሊዝኛ ደገመችው። ሰውየው ፈገግ አለ።

ዋናውን ሰነድ ያኑ ዕለት በፈጣን መልእክት ላክነው። ከታኅሣሥ 31 ስምንት ቀን ቀድሞ ደረሰ።

ምን ያህል ወጣ

ለሪዞርቱ 2,250 እና 300 ዶላር። ለኤምባሲ 50። የመልእክት፣ የአውቶቡስና የአንድ ሌሊት አልጋ በብር። ለ«አውጪው» ተከፍሎ ያልተመለሰ 1,500። ለንግድ ኮሚሽኑ ቅሬታ በኢንተርኔት ሞልተናል፤ ገንዘቡ ይመለሳል ብለን ግን አንጠብቅም።

ሒሳቡን ስንሠራ አንድ ነገር አበሳጨኝ። በ2022፣ ውዝፍ ሳይኖርባት ደብዳቤውን ጽፋ ቢሆን ኖሮ ወጪዋ የማዛወሪያውና የኤምባሲው ብቻ ይሆን ነበር። 350 ዶላር።

ለሌላ ሰው የሚተርፍ

መጀመሪያ የሚጠየቀው የሸጠው ድርጅት ነው። ብዙዎቹ መልሶ የመቀበያ መንገድ አላቸው፣ ግን ማስታወቂያ አይሠሩበትም፤ ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ራሱ ላያውቅ ይችላል። የመጀመሪያው «የለም» መልስ አይደለም። ብድር ያልተዘጋ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይቀበሉም፤ ያኔ ድርድሩ ሌላ ነው፣ የእኛ ጉዳይ ለዚያ አይጠቅምም።

ውዝፍ ከመግባቱ በፊት መጠየቅ ይሻላል። መክፈል ያቆመ ሰው የመደራደር አቅሙ ይቀንሳል። «መክፈል አቁሙ» የሚል መካሪ ካጋጠማችሁ ማን እንደሚጠቀም አስቡ።

አስቀድሞ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ውጤቱን በዋስትና የሚሸጥ፣ ከድርጅቱ ጋር እንዳትነጋገሩ የሚከለክል፤ ሦስቱ አንድ ላይ ከመጡ ስልኩን ዝጉ። የግድ መክፈል ካለባችሁ በክሬዲት ካርድ ይሁን። በዜልና በሐዋላ የሄደ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ሰነድ ከማዘጋጀት በፊት ተቀባዩ የሚፈልገውን መልክ በጽሑፍ ጠይቁ። ይህን ለራሴም ነው የምጽፈው። ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ገና ሰሞኑን የፈረመ ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልገውም። የመሰረዣ ቀኑን ይቁጠር። ፍሎሪዳ 10 ቀን፣ ኔቫዳ 5 ቀን፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች 14 ቀን ነው፤ አውሮፓ ውስጥ እንዲያውም በነዚያ ቀናት ቀብድ መቀበል ራሱ ክልክል ነው። ስረዛው በደብዳቤ ይሁን፣ የተላከበት ደረሰኝ ይቀመጥ። በስልክ «ሰርዤዋለሁ» ማለት አይበቃም።

መዝጊያው

ሚያዝያ 2017 ላይ ከሪዞርቱ «ሒሳብዎ ተዘግቷል» የሚል ደብዳቤ መጣ። እሷ አላመነችም። ብዙ «ተዘግቷል» ሰምታለች።

የኦሬንጅ ካውንቲ የስመ ንብረት መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። ስሟን አስገባሁ። ሁለት ሰነድ መጣ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2011 ከድርጅቱ ወደ እሷና ወደ ባሏ። ሁለተኛው በ2025 ከእሷ ወደ ድርጅቱ። ሁለተኛውን ከፈትኩት። የእሷ ፊርማ፣ ከሥሩ የአጎቷ ልጅና የእኔ፣ ከዚያ የቆንስሉ ማኅተም። መነጽሯን አድርጋ ቆይታ አየችው። «የባሌ ስም እዚህ ላይ ሟች ተብሏል» አለች። አዎ አልኳት።

አትሜ ሰጠኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዕዳ ሰብሳቢው እንደገና ኢሜይል ላከ፤ ያችን ገጽ መልሰን ላክንለት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ያን ቀን ልትወጣ ስትል ከበሩ ተመለሰች። ከሰማያዊው ፋይል ውስጥ ወረቀቱን ሁሉ አወጣችና ፋይሉን ጠረጴዛዬ ላይ ተወችው። «ጥሩ ፋይል ነው፣ 14 ሺህ ዶላር ነው የተገዛው» አለች። አሁን የዲቪ ፎርሞች አስቀምጥበታለሁ።